ለሌለ ሕንፃ የተሰፋ ጥላ

መስከረም 18 ቀን

ለወንድሜ ለእርሳስ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደረጃህን ወጥቶ፣ በርህን ሳያንኳኳ ይግባ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንደምን ነው? እኔ ተመስገን ነው። መኪናዬም እኔም እየተንኳኳን መስፋታችንን አልተውንም።

እዚህ ሰዎች «ያ ውጭ ያለው ምንሽ ነው?» ሲሉኝ «የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ» ብዬ ሳልጨርስ ፊታቸው ይደክማል። ስለዚህ «ወንድሜ» ብዬ ተገላገልኩ። ውሸትም አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች በሠሩት ቤት ውስጥ፣ በአንድ ደረጃ ላይ እየተንከባለልን ያደግን ነን። አንተ ግድግዳውን በከሰል ሥዕል ስትሞላ «ትልቋ እያለሽ!» ተብሎ ቁጣው የሚወርደው በኔ ላይ ነበር። እርሳስ ብዬ ያወጣሁልህን ስም አሁንም ሰፈሩ አልረሳውም።

ቤቱ ደህና ነው። የኔ ድርሻ ፎቁ ነው፣ ጣሪያው ባለፈው ዝናብ አንድ ቦታ ብቻ አፈሰሰ። ያንተ ድርሻ ጓሮው ነው፣ የኔን የልብስ ማስጫ ገመድ ተሸክሞ ቆሟል። ኪራይ አልጠየቅከኝም፣ እኔም አላስታውስህም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የስፌት ጠረጴዛዬ ያለው ያው በላይኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በድሮው ሲኒማ ቤት ባዶ ቦታ በኩል ታልፍና፣ ጣሪያውን ሁሉ እየረገጠች መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ትላለች። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የምሰፋው ያኔ ነው፤ በሌላ ሰዓት ዓይኔ አይታዘዘኝም። አንዳንድ ቀን እጄን ከሥራ አንሥቼ ዝም ብዬ አያታለሁ። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ሲዋኝ፣ ክፍሉ ራሱ ቀስ ብሎ ከቦታው የተነሣ ይመስለኛል።

ታዲያ ሰሞኑን ያ ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ። ቆርቆሮው ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ። ሕንፃው መስታወት ብቻ ነው። ዘጠኝ ፎቅ ነው አሉ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድንገት ቁመት ያወጣ ጎረምሳ የመሰለ። ከሥሩ የሚሄዱት ሰዎችም ሁሉ ቀጫጭን ናቸው። አንድም ዘንቢል የያዘ፣ አንድም የሚያነክስ፣ አንድም ቆሞ ወሬ የሚያወራ የለም። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ አዩትና፣ «ልጄ፣ እኛ የለንበትም እኮ» አሉኝ።

አንተ ሕንፃ የምትስል ሰው ነህና ንገረኝ። ይሄ ነገር ከቆመ ጥላው እስከ የት ይደርሳል? መስኮቴን ይነካዋል?

ያሰብከው ይሙላልህ። የረገጥከው መሬት አይክዳህ።

እህትህ


ኅዳር 2 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዓይንሽን ያቆይልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ቢሮው ውስጥ አንድ ትልቅ ሥራ ደርሶብን ነበር።

የጥላውን ልክ ለማወቅ የቦታው ስፋትና የሕንፃው ትክክለኛ ቁመት ያስፈልጋል። ያለዚያ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ሰውን በከንቱ ያስጨንቃል። በዚህ ከተማም የቆዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ መጀመሪያ ሰው ያዝናል፣ ቀጥሎ ይለምዳል። አሳንሰር ያለው ቤት መጥፎ አይደለም፣ እትዬ። ጉልበትሽም ያርፍልሽ ነበር።

ስለ ቀጫጭኖቹ ሰዎች ስትጽፊ ብቻዬን ሳቅኩ። እኛም ቢሮ አሉ። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የምንለጥፋቸው ናቸው፤ ሁሌም እነዚያው ናቸው። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ ዘንቢል የያዘች ሴት ፈለግኩ። ካሉን መካከል የለችም።

የጓሮው በር አሁንም ይከፈታል? ወይስ ዝጎ ቀርቷል? ንገሪኝ።

እርሳስ


ኅዳር 27 ቀን

ለወንድሜ ለእርሳስ፤

ደብዳቤህ በደህና ገባች። አንተንም በደህና ያግባህ፣ ክፉ ሰው ከመንገድህ ይጥፋ።

የጓሮው በር ይከፈታል። በትከሻ ገፋ ካደረጉት ይጮኽና ይከፈታል፤ ልክ እንደ አክስታችን። አሁን እኔ ልጠይቅህ። ጉልበቴን ማን ነገረህ? እኔ አልጻፍኩልህም። ታማሚ መባል ስለማልወድ ለማንም አልጽፍም። እስቲ አስብና መልስልኝ፤ እኔ መስፋቴን እቀጥላለሁ።

በል ወሬ ላውጋህ። ሕንፃውን የሚያሠራው ድርጅት ሰው መጥቶ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበን። ባለ ክራቫት ነው፣ ጫማው መንገዳችንን የሚጸየፍ። «ማዘር፣ ጥላው ቀላል ነው፤ ደመና እንዳለፈ ቁጠሩት» አለኝ። «እናትህ አይደለሁም፤ ብሆን ኖሮ ክራቫትህን አስተካክልልህ ነበር» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ፣ እሱ ግን ሥዕሉን ማሳየቱን ቀጠለ። ከከተማው የሕንፃ ኮሚቴ የመጡት ሰዎች ደግሞ፣ «እናንተም የምትሉትን አሳዩን። በመጋቢት ቦታውን ልናይ እንመጣለን» ብለው ሄዱ። ምኑን ነው የምናሳየው? ሕንፃው የለ፣ ጥላው የለ!

ከባዶው ቦታ ወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ ደግፈው ፈርመዋል። አስተባባሪያቸው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ አንተ ዱቄት የምትለው፣ አሁን አባቱን ተክቶ ምድጃውን ይዟል። ዳቦ ልገዛ ሄጄ፣

«አንተ ዱቄት፣ እንዴት ትፈርማለህ?» አልኩት።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ ሰው ዳቦ አይበላም?»

«ጥላውስ?»

«ጥላውማ ወደናንተ ነው። እኛ ምን አገባን!» ብሎ ሳቀና የሞቀውን ዳቦ መርጦ ሰጠኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተደገፍኩ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። ሕንፃው ቆሞ አልቋል፤ ግን የተሠራው ከውሃ ነው። እኛ ሁላችንም በውስጡ ነን፤ ሰዓት ሠሪው፣ ዱቄት፣ አንተ በልጅነትህ። ቀስ እያልን እንንሳፈፋለን። ማንም አይፈራም። ብቻ መሬቱን ለመንካት እግሬን ስዘረጋ፣ ስዘረጋ፣ አይደርስም። ስነቃ ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ነበረች፤ እዚያ ገበር ሊገባበት የተዘረጋ ጥቁር ካፖርት ነበር፣ ሞቋል። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ።

ጥላውን እሰፋዋለሁ።

አትሳቅ። በቁሙ ልኩን፣ ከጥቁር ጨርቅ። ሕንፃው በሚቆምበት ቦታ ጫፉን እንይዘውና በጣሪያውና በመንገዱ ላይ እንዘረጋዋለን። ኮሚቴው መጥቶ ከሥሩ ይቁም። ያኔ ደመና መሆን አለመሆኑን ያውቁታል።

ሕጌን ታውቃለህ። ሰው በሌለበት አልቆርጥም። «ቁመቴ እንደ እህቴ ነው» ብሎ ልክ የሚልክ ሰው ሁሉ ልብሱን መልሶ ይዞ ይመጣል። «መጥተህ ተለካ» ነው የኔ መልስ። አሁን ግን ለሌለ ሕንፃ ልሰፋ ነው፣ ሕጌን አፈረስኩ። የቦታውን ስፋት ሰዓት ሠሪውና እኔ ሜትር ይዘን በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብተን ለክተናል፤ ቁመቱ ሥዕሉ ግርጌ ላይ ተጽፏል። ሁሉንም ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አሁን ግምት አይደለም። የጥላውን ቅድ፣ የምቆርጥበትን መስመር፣ ስለህ ላክልኝ።

እጅህን ይባርክልኝ።

እህትህ


ጥር 19 ቀን

ለእትዬ፤

ጤናሽን ያብዛልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ሦስቴ ጀምሬ ቀደድኩት።

ጉልበትሽን የነገረኝ ባለ ክራቫቱ ነው። «እህትህን ደረጃው ከብዷታል፣ ጉልበቷን ያማታል» ብሎ ለኔም ጽፎልኛል፤ ከመስከረሙ ደብዳቤሽ ቀድሞ ነው የደረሰኝ። ሕንፃው የመኪና መግቢያ የለውም። በኛ ጓሮ በኩል እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። ጓሮው ደግሞ በኔ ስም ብቻ ስለሆነ አንቺን መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ዝም አልኩ፤ ላንቺም ዝም አልኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከዚያ ፍረጂኝ። ክፍሌ አንድ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ግድግዳ ነው። ጥሩ ግድግዳ ነው፤ የቢሮአችን ሥራ ነው፣ የመጋጠሚያውን ዝርዝር ሥዕል የሳልኩት እኔ ነኝ፣ እዚህ ሳልገባ በፊት። ጠዋት መብራት አበራለሁ፣ ቀትር ላይም አበራለሁ። እነዚህ ሰዎች በሚሰጡኝ ገንዘብ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ልገዛ እችል ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግኩም፣ እትዬ። ጠዋት ስነሣ አልጋዬ ላይ አንድ ቁራጭ ፀሐይ።

ቅዱን ግን ሠራሁልሽ። ከሥራ በኋላ ቢሮ እየቀረሁ ነው የሳልኩት። ከትምህርት ቤት የምንመለስበትን ሰዓት መረጥኩ፤ ደብተራችንን ደረጃው ላይ ጥለን የምንሮጥበትን። ጥላው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል፤ መስመሩን ጠብቀሽ ቁረጪ። የሰዓት ሠሪውን ሱቅ ይሸፍናል። ደረጃውን ይሸፍናል። መስኮትሽን፣ እንደጠየቅሽኝ፣ ይነካዋል። ከነካው በኋላም አይቆምም።

ስስል አንድ ነገር ገረመኝ። የምኖርበትን መንገድ ስም እንኳ አንዳንዴ እረሳለሁ፤ የኛን ጣሪያዎች ግን ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ካንዱ አጋጠምኳቸው።

ስለ ፊርማው ገና አልወሰንኩም። ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው።

እርሳስ


የካቲት 8 ቀን

ለወንድሜ፤

በብርሃን ያኑርህ። ዛሬ ምርቃቴ ይቺ ብቻ ናት።

አልፈርድብህም። ተናድጄ ነበር፤ ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ከዚያ መብራት አብርተህ ቀትር ላይ ስትቀመጥ ታየኝና ንዴቴ እንደ ጎማ ተነፈሰ። ጓሮው ያንተ ነው። ፈርም ብዬ አልለምንህም፣ አትፈርም ብዬም አልለምንህም። ገመድሽን ንቀዪ ስትለኝ እነቅላለሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በኋላ አልጽፍልህም። ስለ ጨርቁ ግን እጽፋለሁ፣ እሱን ማን ይከለክለኛል!

ቅድህ ደረሰ። እንዲህ ያለ ንጹሕ መስመር! ሰዓት ሠሪው ገልበጥበጥ አድርገው አይተው፣ «ልጁ ከሰል የጨረሰው በከንቱ አይደለም» አሉ።

ጨርቅ ከየት ይምጣ ብዬ ስጨነቅ ሰው ሰምቶ ኖሯል። የድሮው ሲኒማ ቤት ዘበኛ የነበሩት፣ ከልጆቻቸው ጋር እየጎተቱ ጥቁሩን መጋረጃ አመጡልኝ፤ ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ለመታሰቢያ ወስደውት ኖሮ። አንዷ የሐዘን ልብሷን፣ «በቃኝ፣ ከእንግዲህ ለሐዘን አልለብሰውም» ብላ ጣለችልኝ። የተሰበረ ጃንጥላ፣ የካፖርት ገበር፣ የጠበበ ቀሚስ፣ ሁሉም ጥቁር ወይ ሊጠቁር የደረሰ። ክፍሌን ሞላው። በደረጃው ወረደ። አሁን እኔ ላይ ሆኜ ስሰፋ ጫፉ ታች በራፉ ላይ ድመት ታቅፏል። ሰው ሲገባና ሲወጣ ጨርቁን እየዘለለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

አንዳንዴ በሥራ መካከል ቀና እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መጥታ በዚያ ሁሉ ጥቁር ላይ ስትተኛ ታየኛለች። ራሷን የሚያስቀር ጨርቅ እየሰፋሁ መሆኔን ያወቀች አትመስልም። ታሞቅልኛለች እንጂ።

እህትህ


መጋቢት 13 ቀን

ለወንድሜ ለእርሳስ፤

ከሆነው ነገር ሁሉ በፊት ሰላም እልሃለሁ። ካንተ ምንም አልመጣም፤ እኔ ግን ይሄን ሳልጽፍ ብቀር እፈነዳለሁ። ተቀመጥና አንብብ።

ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ይመጣል ብለን ስንዘጋጅ፣ «ጠዋት ነው» የሚል መልእክት ደረሰን። እሺ ብለን በማለዳው ጨርቁን ጠቅልለን ተሸከምነው። አቤት ክብደቱ! ከፊት ዘበኛው፣ ከኋላ የትምህርት ቤት ልጆች፣ በመካከል እኔ «ቀስ! ስፌቱን!» እያልኩ። ቆርቆሮው ተከፍቶልን ገባን። ባለ ክራቫቱ ከኮሚቴው ጋር ቆሟል፤ ፈገግ ብሏል።

የጨርቁን ግርጌ ሕንፃው ይቆምበታል በተባለው ችካል ላይ አሰርነው፣ ጫፉን ወደኛ ሰፈር መጎተት ጀመርን። አይሄድም! ሄዶ ሄዶ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። ወደዚህ ማዘንበል ሲገባው ወደዚያ ያዘነብላል። ቅድህን አወጣሁ፣ ጨርቁን አየሁ፣ ቅዱን አየሁ። ላብ አጠመቀኝ። እንዲህ ነው የሆነው፦ ጨርቅ የሚለካው በውስጡ በኩል ነው፤ የማስመሪያ ሳሙናው ፊቱን እንዳያበላሽ ገልብጠን ነው መስመር የምናሰምርበት። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት እንዲያ ነው። ያንተንም መስመር ሳላስብ በውስጡ በኩል አሰመርኩት። እጅጌ ቢሆን ቀኝም ግራም ስለሚኖር አንዱን ለሌላው ማድረግ ነው። ጥላ ግን አንድ ነው! በፊቱ ሲዘረጋ ግራው ቀኝ ሆኖ ቁጭ።

«ገልብጪው በቃ፣ ምን ችግር አለው!» አሉኝ ሰዓት ሠሪው።

«ውስጡን? ስፌቱን፣ ክሩን፣ የሞትኩበትን ሁሉ ለኮሚቴ ላሳይ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጋሼ!»

«እንግዲያ ስፌትሽ አምሮ ሰፈርሽ ይጥፋ!»

እኛ ስንከራከር ልጆቹ መቼ ያዳምጣሉ! ጨርቁ የሚፈታበትን መንገድ ፈልገው ወደ ወዲያ ማዶ ሮጡ፣ ወደ ዱቄት ሰፈር። ነፋስም ደገፋቸው። ያ ሁሉ ጥቁር አንዴ ተነፍቶ ተነሣ፣ አየር ላይ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ እንደ ትልቅ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ጣሪያዎቹ ላይ ተኛ። ልክክ ብሎ ነበር የገባው። አንድም ግድግዳ አልተነካም፤ በመንገዱ ላይ ተሻግሮ የትምህርት ቤቱን ግቢ ግማሽ፣ የዳቦ ቤቱን ደጃፍ በሙሉ ሸፈነ።

ዱቄት ክንዱ ሊጥ እንደሆነ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ሊጡን ኩፍ እንዲል የሚያሰልፍበትን የደጅ ሰሌዳ ታውቀዋለህ፣ ፀሐይ የሚመታውን። ጨለማ ውስጥ ገብቷል።

«ምንድነው ይሄ? ማነው ጨርቅ የጣለብኝ?»

«ይቅርታ፣ ዱቄት፣ ተሳስቼ ነው» አልኩት። «የኛ ጥላ ነው፣ አሁን እናነሣዋለን።»

ባለ ክራቫቱ ሳቀ። «ይኸው፣ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ እንኳ አያውቁም» አለ ለኮሚቴው።

ሰዓት ሠሪው ግን አልሳቁም። በችካሉ ዘንድ የቆመውን የመብራት እንጨት ያያሉ። ከዚያ መሬቱን ያያሉ። ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ በኛ ጣሪያ በኩል ገና መውጣቷ ነው። የእንጨቱ ጥላ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከጨርቄ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ አቅጣጫ፣ አንድ ሰው በማስመሪያ ያሰመራቸው ይመስል።

«አልተሳሳትሽም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማታውን ልትሰፊ ሄደሽ ጠዋቱን ሰፍተሽ መጣሽ።»

የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ሄዳ በእንጨቱ ጥላ ላይ ቆመች። ክንዷን ዘረጋች። ጨርቁን አየች፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ አየች። ልጆቹ ከጨርቁ ሥር ገብተው እርስ በርስ ተጠጋግተዋል። ዱቄት የሊጡን ሰሌዳ በእጁ ነካ፣ ቀዝቅዟል። «በየጠዋቱ እንዲህ ነው?» አለ። «እትዬ፣ በየጠዋቱ?» አለኝ እንደገና፤ ድምፁ የልጅነት ድምፁ ሆነብኝ። ወዲያው የወዲያ ማዶ ሰዎች «ፊርማችንን መልሱልን» እያሉ ይንጫጩ ጀመር።

ሰብሳቢዋ በመጨረሻ፣ «ይህ ቁመት ለዚህ ቦታ ከባድ መሆኑን አይተናል። ለማንኛውም መግቢያ የሌለው ሕንፃ አይፈቀድም። መግቢያው የት ነው?» አለች።

«የመግቢያው ጉዳይ አልቋል» አለ ባለ ክራቫቱ። «ባለቤቱ ውጭ ነው፣ ሊፈርም ነው። መግቢያው ካለን ቁመቱ ላይ እንነጋገራለን።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሰዓት ሠሪው፣ ዘበኛው፣ ዱቄት ከነሊጡ። ምን ልበል? እምቢ ብሏል ብል ውሸት ነው፤ እሺ ብሏል ብል አፌ አይችልም።

«የሱን ቃል እሱ ይናገር» አልኩ። «እኔ ሰው በሌለበት አልቆርጥም።»

እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቀን ሰጡ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። አልለምንህም ብዬ ነበር፣ አልለምንህም።

እህትህ


ሚያዝያ 5 ቀን

ለእትዬ፤

ለአንቺ፣ ለጋሼ ሰዓት ሠሪው፣ ለዱቄትም ሰላም ይድረስ።

ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ጨርቁ አየር ላይ ትንሽ አሰበ ያልሽበት ቦታ ስደርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ከተማው ውስጥ ፀሐይ እየፈለግኩ ሄድኩ። ሁለት ሕንፃ መካከል አንዲት ቀጭን መስመር አገኘሁና እዚያ ቆምኩ። ሰዎች እየዞሩ አለፉኝ። ቆሜ የቀረውን አነበብኩ።

እትዬ፣ እኔ የሳልኩት ማታውን ብቻ ነበር። ጠዋት የሚባል ነገር እንዳለ ረስቼ ነበር። ሰፈሩን ሳስታውስ ሁሌ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ራሴን አይቼው አላውቅም። አንቺ ገልብጠሽ ባትቆርጪው ኖሮ የዱቄት ደጃፍ ለኔ በዓለም ላይ አልነበረም።

ለባለ ክራቫቱ ጽፌያለሁ። አጭር ነው፤ ጓሮው አይሸጥም፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አለበት አልኩት። ለኮሚቴውም ይህንኑ በፊርማዬ ልኬያለሁ። ገመድሽን አትንቀዪ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺን ክፍል በወረቀት ላይ መሳል ጀምሬያለሁ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሴ። ጠረጴዛሽን ሳልኩ፣ ደረጃውን ሳልኩ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይላል? አገጬን አስደግፍበት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግን ያኔ አገጬ የት ነበር? ለክተሽ ላኪልኝ።

እርሳስ


ግንቦት 2 ቀን

ለወንድሜ ለእርሳስ፤

ዕድሜህ ይርዘም፣ ቤትህ ይሙቅ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ። ደብዳቤህን ለሰፈሩ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ገመዱ ጋ ስደርስ ሰዓት ሠሪው አጨበጨቡ፣ ቀጥለው መነጽራቸውን ማጽዳት አበዙ።

ኮሚቴው ወሰነ። ከጣሪያዎቻችን በላይ የሚወጣ ነገር እዚያ ቦታ ላይ አይቆምም። ድርጅቱ ሥዕሉን ነቅሎ ሄደ። ሲነቅሉት ተቀደደና ከቀጫጭኖቹ ሰዎች አንዷ ቆርቆሮው ላይ ቀረች። ዱቄት በከሰል ዘንቢል ሳለላት። ሥዕሉ አያምርም፣ ግን ዘንቢል መሆኑ ያስታውቃል።

ጨርቁን ምን እናድርገው ስንል ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ቆረጥኩት፤ በውስጡ በኩል አሰምሬ፣ እንደ ልማዴ። ለየቤቱ ከጥላው ቁራጭ ደረሰው። አንዱ መጋረጃ አደረገው፣ አንዷ የልጇን ካፖርት ገበር። የዳቦ ቤቱ ሊጥ አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ነው ኩፍ የሚለው። ዱቄት በጥቁር ይበልጥ ይሞቃል ይላል። ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ሊጥ ሲያሞቅ አየህ?

ያንተን ድርሻ አልላክኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ይኸው አሁን ስጽፍልህ ፀሐይዋ መጥታ ላዩ ላይ ተቀምጣለች፣ የምትነሣም አትመስል። ምን እንደማደርገው አላውቅም። ኮት ይሁን፣ ትራስ ይሁን። ትከሻህ ሰፍቶ ይሆናል። ጠብቦም ይሆናል። በቀትር መብራት የሚያበራ ሰው ትከሻው ምን እንደሚመስል እኔ ከየት አውቃለሁ?

የመስኮቱን ደፍ ልክ ጠይቀኸኛል። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነው፣ መስኮቱ አጠገቤ ነው። ብድግ ብዬ ብለካው ወዲያው ነው።

አልለካውም። ሕጌን አንዴ አፍርሼዋለሁ፣ ይበቃኛል። የጓሮውን በር ዘይት ቀባሁት፣ አይጮኽም። አገጭህን ይዘህ መጥተህ ተለካ።

እህትህ